የጆሮው ምልክት

ጂንካ ላይ ሥዕል መሥራት የጀመርኩት መሳል ስለማልችል ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። እኔ የሳልኳት ዶሮ ጫማ ትመስላለች። ጫማ የሳልኩ እንደሆነ ደግሞ ምንም አይመስልም። ቅርጽ ቆርጦ በቀዳዳው ቀለም መምታት ግን የሚፈልገው የተባረከ እጅ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ትዕግሥትም የለኝም፤ ግን እልኸኛ ነኝ፤ እልህ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ትዕግሥት ይመስላል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጎፋ መጥቼ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ዓመት ለአብዮት በዓል በቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር መጻፍ ሲያስፈልግ ኃላፊያችን ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «ጓዲት፣ ፊደሎቹን ከካርቶን ቆርጠሽ አቅርቢ» አለኝና ተመልሶ ገባ። እንዴት ብዬ ልጠይቀው? እሱስ ቢሆን ምን ያውቃል! የመጀመሪያዋን «መ» ቆርጬ ካርቶኑን ሳነሳው የሁለቱ ቀለበቶች ሆድ ዱብ ዱብ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቁጭ ብዬ ሳየው ገባኝ፤ መሃሉ እንዳይወድቅ ከዳሩ ጋር የሚይዘው ቀጭን ድልድይ መተው አለበት። ቀለሙም በብሩሽ ከተቀባ ከካርቶኑ ሥር ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ፣ ቀለም በትንሹ አስነክቶ፣ ትርፉን ጋዜጣ ላይ አራግፎ፣ ደረቅ ሊል ሲል መታ መታ ማድረግ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ጨርቅ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ኃላፊያችን ስለ ጨርቁ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም።

በዓሉ አለፈ፤ አመሉ ግን እኔ ላይ ቀረ። ጎረቤቴ ድሬሰር ነበርና ያረጁ የኤክስሬይ ፊልሞች ሰጠኝ። በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፉ የማላውቀው ሰው የጎድን አጥንት ታጥቦ ይሄድና ጥርት ያለ፣ በምላጭ እሺ ብሎ የሚቆረጥ ፕላስቲክ ይቀራል። ለሸራ ደግሞ፣ መሥሪያ ቤታችን የጣለው የተቀደደ ድንኳን ነበረ። ደህና ደህናውን ቆርጬ አጠብኩና ከሳሙና ሣጥን እንጨት በሠራሁት ፍሬም ላይ በምስማር ወጠርኩት፤ የዱቄት ሙጫ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ነጭ ቀለም ደረብኩበት። ከዚያ ወዲያ ከእጄ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። በእርጥብ ቀለም ላይ ከኔሪ ወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ እነሰንሳለሁ፤ የእንሰት ቃጫ እለጥፋለሁ፤ አመድ፣ ቀይ አፈር፣ የእንቁላል ቅርፊት እሞክራለሁ። ሰው ለምንድነው ሲለኝ «ምን እንደሚሆን ለማየት ነው» እል ነበር። ሌላ ምክንያትም አልነበረኝም።

የመሥሪያ ቤቱ የቀን ዘበኛ የበና ብሔረሰብ ሽማግሌ ነበሩ። አዝራሩ ያለቀ ካኪ ካፖርት ለብሰው በር ላይ በርኮታቸው ላይ ይቀመጣሉ። በርኮታ የዚያ አገር ወንዶች ከእጃቸው የማይለዩት፣ ሲቀመጡ ወንበር ሲተኙ ትራስ የሚሆን ትንሽ እንጨት ነው። የተከራየሁት ቤት ከግቢው አጥር ጋር የተያያዘ ስለነበር ሸራዬን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ያዩኛል። አንድ ቀን አጥሩ ድረስ ቀረብ አሉና የሙዝ ቅጠል ያተምኩበትን ሸራ ተመለከቱ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሙዝ ነው፣ አባባ።»

ከቤቴ ጀርባ ያለውን ሙዝ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ሙዝ እዚያ አለ። ያለውን ለምን ትሠሪ? የሌለውን ሥሪ።»

ደሜ ፈላ። ሦስት ቀን የለፋሁበት ሙዝ ነበር። «የሌለው ደግሞ ምንድነው?» አልኳቸው፣ አክብሮቱን ትንሽ ቀነስ አድርጌ።

«በሬ።»

«ኧረ አባባ! ኤሮፕላን ማረፊያው ሙሉ በሬ አይደለም እንዴ?» ከተማችን መሃል ያለው ሣር ሜዳ ማረፊያም ግጦሽም ነበር፤ ኤሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይባረራል፣ ሲሄድ ይመለሳል።

«ያ የሰው በሬ ነው» አሉ። «የኔ በሬ የለም። ልጄ አላየችም። መስከረም ትሄዳለች። ሳትሄድ ትየው።»

ነገሩን በአንድ ጊዜ አልነገሩኝም፤ እየጎተጎትኩ ነው ያወጣሁት። እኔ ጥያቄ ከያዝኩ መዥገር ነኝ። በእሳቸው አገር ወንድ ልጅ ለጎልማሳነት ሲደርስ ከከብቱ ሁሉ የሚወደው አንድ በሬ ይኖረዋል፤ ያሳምረዋል፣ ይዘፍንለታል፤ ሰውም እኛ በልጅ ስም «የእገሌ አባት» እንደምንለው እሱን በበሬው ስም ይጠራዋል። የእሳቸውን በሬ ከነመንጋው ከወንዝ ማዶ የመጡ ዘራፊዎች ነዱት። ሚስታቸውም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። የሦስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጂንካ ገቡ፤ ከተማው «ዘበኛው» አላቸው፤ በቃ፣ ዘበኛው ሆነው ቀሩ። ልጅቱ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቷት አርባ ምንጭ ለመምህርነት ሥልጠና ደርሷታል። ሌላ ልጅ የላቸውም። አባቷ በቋንቋቸው ሲያናግሯት በአማርኛ ነው የምትመልሰው፣ ያውም ጓደኞቿ ካሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔ ሞትኩ፣ በሬ ሞተ፣ ስሜ ሞተ» አሉኝ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ። «እሷ ካየች ግን አለ።»

አሳዘኑኝ። ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ከማዘኔ ይልቅ ጉጉቴ በለጠ። በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ በሬ እንዴት ተደርጎ ይወጣል?

የመጀመሪያውን በሬ የገለበጥኩት ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ ነው። ቅርጹን ፊልም ላይ ቆርጬ፣ ጋዜጣ ላይ አትሜ፣ እየተኩራራሁ ወሰድኩላቸው። ብዙ አዩት።

«ሻኛው የት ሄደ?»

እውነትም የፈረንጅ ላም ጀርባዋ ልክ እንደ ጠረጴዛ ነው።

«ታሟል» አሉ። ቀጥለው ጋዜጣውን አቀረቡና፣ «ጡትም አለው» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር «ጡት ያለው በሬ ደህና ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ሲሰለቻቸው ራሳቸው ከሸክላ ሠሪዎች ጭቃ ለምነው መጡ። ደጃፌ ላይ ተቀምጠው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ይዘው፣ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ በሬ አበጁ። ገላው በጎን ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ወደ እኛ ዞሯል። አንዱ ቀንድ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ሌላው ወደ ጉንጩ ወርዷል። «እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደው?» ብዬ ጠየቅኩ። የለም፤ ወይፈን ሳለ ነው ቀንዱን ሰው የሚያጎብጠው። ሻኛው ለምን እንዲህ ተጋደመ? ስለጠገበ። ጭራውስ? ዝንብ የለም፣ ዝም ብሏል። መጨረሻ ላይ የቀኝ ጆሮውን ጫፍ በጥፍራቸው ሁለት ቦታ ቀነጠቡት። የማልጠይቀው ነገር የሌለኝ ሰው ስለዚያ ብቻ አልጠየቅኩም። ጭቃውን ፊልም ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በምስማር ጭሬ ያገኘሁትን ሁሉ፣ የጆሮውንም ጎደሎ ጭምር፣ እንዳለ ቆረጥኩት።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር።

«ጥቁር ነው?»

«አይደለም።»

«ግራጫ?»

«ግራጫ ምንድነው?»

በቋንቋቸው ለከብት መልክ ብቻ የሚሆን ስንት ቃል እንዳለ ቆጥሬ አልጨረስኩም፤ ለእኔ ግን አንዱም አልጠቀመኝም። ስለዚህ መልኩን ፍለጋ ከተማውን አብረን ዞርን። ከዝናብ በኋላ የሾላ ግንድ እያሳዩኝ «ከዚህ ትንሽ ቀላ» ይላሉ። የተሰበረ ቅል ውስጡን አሳይተው «ይሄ ሆዱ ነው» ይላሉ። በመጨረሻ የማሽላ አገዳ አመድ ከከሰል ዱቄትና ከሙጫ ጋር ለውሼ ገላውን አገኘነው፤ ጎኑ ላይ ላሉት ሁለት ጠቃጠቆዎች ቀይ አፈር ነፋሁ፤ አንገቱ ሥር ለሚንጠለጠለው ቆዳ ቃጫ አበጠርኩ። አንድ ፊልም ለገላው፣ አንድ ለጠቃጠቆው፣ አንድ ለቀንዱ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይደረብበታል። አምስተኛውን ጋዜጣ ሳሳያቸው ከበርኮታቸው ተነሡ። ሁለት ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አነሡ፤ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ጉንጫቸው፤ ልክ እንደ ቀንዶቹ። ከዚያ በጉሮሯቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። የቢሮው ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ወጣ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ኩራቱ ነው ያጠፋኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሸራውን ወጥሬ ግድግዳዬ ላይ አስደግፌ ሳየው፣ በሬው እንደ ጋዜጣው ወደ ግራ ቢታተም ጉዞው ወደ በሩ ሊሆን ነው። ለምትሄድ ልጅ የሚሄድ በሬ ይሰጣል እንዴ? ወደ ቤት የሚገባ ይሁን አልኩና ሦስቱንም ፊልሞች ገልብጬ አተምኩ። ፊልም እንደ ካርቶን አይደለም፤ ፊቱና ጀርባው ያው ነው፤ ሲገለበጥ ማንም አያውቅበትም ብዬ ነበር። አሸዋውን ነሰነስኩ፤ ቃጫውን ለጠፍኩ። ሲያልቅ ከጋዜጣው በብዙ ያምር ነበር።

ጠራኋቸው። ገቡ፤ አዩት። ክንዳቸው አልተነሣም። ወደ ጭንቅላቱ ጠጋ ብለው አዩና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ጥሩ ሥራ ነው» አሉኝ፣ ለኃላፊያችን በሚናገሩበት ድምፅ። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በማግስቱ ሰላምታዬን አንገታቸውን ሰበር አድርገው ብቻ መለሱ። ስለ ጡት ያለው በሬም አልጠየቁኝም።

ተናደድኩ። አመድ ስነፋ የከረምኩት ለዚህ ነው? ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው መጣች፤ አንገቷን ደፍታ ደጃፌ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ አባዬ ሥዕሉን እንዳልወስድ ነገረኝ። ይቅርታ አድርጊልን።»

«ምን ጎደለው አሉ?»

«ምንም አልጎደለውም አለ። ‹የሰው በሬ ነው› ነው ያለኝ።»

«እንዴት የሰው ይሆናል? እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሠሩት!»

«እኔ እንጃ። ለእኔ ከብት ከብት ነው» አለች።

ንዴቴ እዚያው ላይ በረደ፤ በቦታው ጥያቄው ገባ። ያው በሬ፣ ያው ቀንድ፣ ያው አመድ፤ እንዴት የሰው ይሆናል? እሳቸውን ብጠይቅ «ጥሩ ሥራ ነው» ከማለት ሌላ እንደማይመልሱልኝ ገባኝ። ልጅቱ የምትሄደው ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። ማክሰኞ በበና አገር የአልዱባ ገበያ ነው፤ የእንስሳት ክትባት ሠራተኞች መኪና ወደዚያ ይወርዳል። «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፣ ታስተረጉሚልኛለሽ» አልኳት። «ቋንቋው ብዙም አይገባኝም እኮ» አለች። የሚገባሽን ታህል አልኳት።

አልዱባ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። ጋዜጣዎቼን ይዤ ነበር፤ አንዱ ሽማግሌው የወደዱት፣ አንዱ ደግሞ ያንኑ ገልብጬ ያተምኩት። ከግራር ሥር ማር ከምትሸጥ አንዲት እናት ፊት ሁለቱንም ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሴትዮዋ ማሯን ትታ ጎንበስ አለች። አንድ ጣቷን በአንዱ ላይ፣ አንዱን በሌላው ላይ አድርጋ ተናገረች። ልጅቱ ወደ ጋዜጦቹ አጎነበሰች። በክርኔ ጎሰምኳት።

«ይሄኛው የተራራው ሥር ሰዎች ነው፤ ያኛው ደግሞ የቆላዎቹ ነው ትላለች።»

«ምኑን አይታ?»

«ጆሮውን።»

ወንዶች ተሰበሰቡ። ተቀባበሉት፤ ተከራከሩ፤ አንድ በሬ እንዴት የሁለት ሰው ሆነ ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዙሪያዬ ያሉትን ከብቶች ማየት ጀመርኩ፤ አንዱ ቀኝ ጆሮው ላይ ተሰንጥቋል፤ አንዱ ግራው ጫፉ የለም፤ አንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል። ቤተሰቡ ሁሉ የየራሱ አቆራረጥ አለው፤ የሚቆርጠውም ጆሮ፣ ቀኝ ይሁን ግራ፣ የየራሱ ነው። ዘራፊም ቢሆን ነድቶ ሲወስድ መጀመሪያ የራሱን ምልክት የሚቆርጠው ጆሮው ላይ ነው አሉኝ። ሰውዬው በሬያቸውን አንድ ጊዜ ተቀምተው ነበር፤ ፊልሙን ገልብጬ የቀኙን ምልክት ወደ ግራ ጆሮ ሳዛውር እኔ ሁለተኛ ጊዜ ቀማኋቸው። እሱንም ለልጃቸው የሌላ ሰው አድርጌ ልሰጥላቸው ነበር። አፈርኩ፤ መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

በዚህ መሃል አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ትክክለኛውን ጋዜጣ አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት። ጆሮውን፣ ቀንዱን፣ ጠቃጠቆውን አዩ። አንድ ቃል ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«የአባዬ ስም ነው፤ በበሬው የወጣለት» አለች።

እኚያ ሰው ጋዜጣውን እንደያዙ ልጅቱን ተመለከቷትና የሆነ ነገር ጠየቋት። ቋንቋው ብዙም አይገባኝም ያለችው ልጅ መለሰች፤ መጀመሪያ በአጭሩ፣ ቀጥላ በረጅሙ። ማር ሻጯ አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዞረች አየቻት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም፤ በሕይወቴ ሳልጠይቅ ከቀረሁባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በመጨረሻ ዞራ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጆሮ የሚቆርጠው ባለቤቱ ብቻ ነው ይላሉ። ሌላ ሰው አይቆርጥም።» ስንመለስ መኪናው ላይ ጋዜጣውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው። ከዚያ፣ «እትዬ፣ ቀለሙስ ትክክል ነው?» አለችኝ። አባትሽን ጠይቂ አልኳት።

ከአልዱባ ቁራጭ የጥጃ ቆዳ ገዝቼ ነበር። ጂንካ እንደገባሁ ከሸራው ላይ አሸዋውን በቢላዋ ፋቅኩ፤ ቀለሙን በጋዝ በነከርኩት ጨርቅ ጠረግኩ፤ ሁለት ጊዜ ነጭ ደርቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ፊልሞቹ ሁሉ ፊታቸው ላይ እንዳልሳሳት የቀለም ነጥብ አደረግኩ። የጆሮዎቹን ቀዳዳ በፕላስተር ደፍኜ በሬውን አተምኩ። ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ በሩ። ይሂድ አልኩ።

ልጅቱ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ከቤቴ ወጥታ በአጥሩ ላይ አባቷን ጠራቻቸው። በቋንቋቸው ነበር የጠራቻቸው፤ ያውም ጮክ ብላ፣ ቢሮው እየሰማ። ሽማግሌው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ብድግ አሉ።

ገብተው ቆሙ። ቀንዱን አዩ፤ ጠቃጠቆዎቹን በጣታቸው ነኩ፤ አመዱን አሸተቱ።

«ጆሮ የለውም» አሉ።

«ጆሮው የእርስዎ ነው፣ አባባ። እኔ አልቆርጥም። ያጠፋሁትን ይቅር በሉኝ።»

ቆዳውንና ምላጩን ሰጠኋቸው። ፊታቸው ተፈታ። ቆዳውን ውኃ አስነክተው ቅጠል የመሰሉ ሁለት ጆሮዎች አወጡ። ግራውን እንዳለ ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ቀኙን ይዘው ምላጩን አስጠጉና ቆሙ። ጆሮውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ምላጩን ወደ እሷ ዘርግተው ተናገሩ።

ልጅቱ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ምን አሉሽ?» አልኩ፤ አመሌ ነው።

«‹አንቺ ቁረጪ› ይለኛል። እትዬ፣ ሴት እኮ አትቆርጥም። እነሱ ጋ ሴት ቆርጣ አታውቅም።»

እሳቸው በአማርኛ መለሱላት፤ እኔም እንድሰማ መሰለኝ። «ወንድ ልጅ የለኝም። በሬም የለኝም። አንቺ አለሽ።»

ምላጩን ተቀበለቻቸው። ጉልበቷ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን ጎደሎ ቆረጠች፤ ጥሩ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ምላጩ ተንሸራተተና ቆዳውን እስከ ሥሩ ድረስ ሊሰነጥቀው ምንም አልቀረው። «አባዬ! ይቅርታ፣ አበላሸሁት» አለች። እንባዋ መጣ። እኔም ሌላ ጆሮ ይወጣዋል ብዬ ወደተረፈው ቆዳ ተንጠራራሁ።

ሽማግሌው ቆዳው ላይ እጃቸውን ጫኑበት። የተቆረጠውን ጆሮ ከልጃቸው ወስደው ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ሥር በጣታቸው ተከተሉት።

«አልተበላሸም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የኛ ከብት ጆሮ እንዲህ ነው።»